እንጨቱ ምን በደለ? ስለ አሮጌ ፋይበርግላስ ጀልባዎች እድሳት የቀረበ ምላሽ

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በተለይ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ፣ ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት የተሠራ ትንሽ የሞተር ጀልባ በቅናሽ ማግኘት ቀላል ነው። ቅናሹ ምክንያት አለው። ገዢው ወለሉን ሲረግጠው ከእግሩ ሥር ይሰረጉዳል። ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን የኋላ ግድግዳ፣ ባለሙያዎች ትራንሰም የሚሉትን፣ በመዶሻ እጀታ ሲቆረቁረው ጥርት ያለ ድምፅ አይሰጠውም፤ እንደ ራሰ ከበሮ ይታፈንበታል። ያን ጊዜ መካሪው ይበዛል። አንዱ «አልቆለታል፣ ጣለው» ይላል። ሌላው «እንጨቱን ሁሉ አውጣና በማይበሰብስ ሰው ሠራሽ ሰሌዳ ተካው፤ ዳግመኛ እንጨት እንዳታስገባበት» ይላል። ሁለቱ ምክሮች የተራራቁ ቢመስሉም የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ እንጨትን በፋይበርግላስ ውስጥ መቅበር ከመጀመሪያው ስህተት ነበር ከሚል እምነት።

ይህን እምነት ለብዙ ጊዜ እኔም ይዤው ቆይቻለሁ። አሁን ትክክል አይመስለኝም። እንጨቱን የገደለው በላዩ የተበሳው፣ ከዚያም ሳይታሸግ የተተወው ቀዳዳ ነው። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሽታው እንጨቱ ነው ብሎ የተነሣ ሰው እንጨቱን ለውጦ ቀዳዳውን እንዳለ ይተወዋል። በሽታው ቀዳዳው ነው ያለ ሰው ግን ያንኑ ርካሽ እንጨት መልሶ አስገብቶ የሚጸና ጀልባ ይሠራል፤ ያውም በቤቱ ደጃፍ፣ በአንድ አናጢ መሣሪያ።

እንጨቱ ለምን እዚያ እንደገባ እንመልከት። የመስታወት ክር በፋብሪካ በብዛት መፈተል የጀመረው በ1930ዎቹ ነው። በኦሃዮ ግዛት በቶሌዶ ከተማ ሬይ ግሪን የመስታወት ጨርቅን በፖሊስተር ሬዚን አርሶ ትንሽ የሸራ ጀልባ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1942 ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይህ አሠራር አገሩን ሞላው። አዲሱ ነገር ሲስቡት እጅግ ብርቱ ነው፤ ስስ ሆኖ ሲዘረጋ ግን እንደ ቆርቆሮ ይተጣጠፋል። አንድ ሰሌዳ አልታጠፍም የሚልበት ኃይል ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን 8 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ፋይበርግላስን በማብዛት ጀልባን ማጠንከር ክብደትም ገንዘብም ይፈጃል። ሁለት ስስ የፋይበርግላስ ገጾችን በመካከላቸው ቀለል ያለ ነገር አስገብቶ ማራራቅ ግን ያንኑ ጥንካሬ በጥቂት ክብደት ይሰጣል። ለዚህ የተመረጠው ኮምፔንሳቶ ነበር። ይቆረጣል፣ ይለጋል፣ ቪቴ ይይዛል፣ የሞተሩ ብሎን ሲጠብቅበት አይጨፈለቅም። የብዙዎቹ ትራንሰም 19 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ኮምፔንሳቶዎች ተጣብቀው 38 ሚሊሜትር የሆኑበት ነው። ከወለሉ በታችም ከኋላ እስከ ፊት የተዘረጉ ተሸካሚዎች፣ ስትሪንገር የሚባሉት፣ በቁማቸው ቆመው ፋይበርግላስ የለበሱ እንጨቶች ናቸው። ይህ ምርጫ ሞኝነት አልነበረም። በቁጥሩ ሲታይ ዛሬም ሞኝነት አይደለም።

ወደ መበስበሱ እንምጣ። እንጨት ስላረጀ ብቻ አይበሰብስም። የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ፈንገስም እንጨት፣ ሙቀት፣ አየርና ውሃ በአንድነት ካላገኘ አይኖርም። ከአራቱ ሦስቱን በጀልባ ውስጥ መከልከል አይቻልም። ውሃውን ግን ይቻላል። በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ለመሐንዲሶችና ለአናጢዎች ባዘጋጀው የእንጨት መመሪያ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሆኖ የተጠበቀ እንጨት እንደማይበሰብስ ያስቀምጣል። የእንጨቱ ሕዋሳት ግድግዳ ውሃ ጠግቦ የሚሞላው 30 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ፈንገሱ የሚደላውም ያን ጊዜ ነው። ውሃ ውስጥ ጨርሶ የሰጠመ እንጨት ደግሞ አየር ስለሚያጣ ለረጅም ዘመን ይቆያል።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ የማያስፈልገው ሰው በአገራችን ሞልቷል። ጎጆ የሠራ ሁሉ ቋሚው መጀመሪያ የሚበላው የቱ ጋ እንደሆነ ያውቃል፤ አንገቱ ላይ ነው፣ አፈርና አየር በሚገናኙበት፣ ክረምት ርሶ በጋ በሚደርቅበት ቦታ። ከጣሪያው ሥር ያለው የዚያው እንጨት ወገን የልጅ ልጅ ያያል። በላስታ ዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በእንጨት ድርብርብ የታነጸ ነው፤ ዋሻው ዝናቡን ስለያዘለት እንጨቱ መቶ ዓመታትን ተሻግሮ ዛሬም ቆሟል። እንግዲህ እንጨት ሊቆይ አይችልም የሚለው አነጋገር ሲጀመርም ልክ አይደለም። መጠየቅ ያለበት፣ በጀልባው ውስጥ ያለው እንጨት የቋሚውን አንገት ዕጣ እንዴት አገኘ የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ከጀልባዎቹ ራሳቸው ጠየቅሁ። እስካሁን በገዛ እጄ ወለላቸውን ያነሣሁላቸው ጀልባዎች አምስት ናቸው። ወለሉን ቆርጬ ሳነሣ የበሰበሰውን አካባቢ በእርሳስ እያከበብሁ በላስቲክ ላይ ገለበጥሁት። አምስቱም ካርታዎች የሚያሳዩት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ብስባሱ እንደ ዘይት ጠብታ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ የሚሰፋ ነው፤ ነጥቡም ቀዳዳ ነው። የወንበር እግር ቪቴ። የገመድ ማሰሪያ ብሎን። ከጀልባው ኋላ የተበሳው የውሃ ማፍሰሻ፣ ጥሬው የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ቀለም እንኳ ሳይቀባ በናስ ቱቦ ብቻ የተሸፈነበት። የጥልቀት መለኪያው መሣሪያ በትራንሰሙ ውጭ የታሰረባቸው ሁለት ቪቴዎች፣ ከውሃው ወለል በታች። ውሃው ከተስተካከለው ገጽ ይልቅ ከእንጨቱ ጫፍ፣ የክሩ አፍ ከተከፈተበት ሲገባ በክሩ ርዝመት የሚጓዘው አቋርጦ ከሚጓዘው አስር እጥፍና ከዚያ በላይ ይፈጥናል። በቪቴ የተበሳ ኮምፔንሳቶ በየንብርብሩ እንዲህ ያለ የተከፈተ አፍ ያሳያል። ከቀዳዳ ርቆ፣ በፋይበርግላስ ተሸፍኖ የቆየው እንጨት ግን በአምስቱም ጀልባ፣ ስሰነጥቀው አዲስ የተጋዘ ጣውላ ይሸት ነበር። አሠራሩ በራሱ የተፈረደበት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተገኘ ነበር።

ሁለተኛ ተባባሪም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የጀልባ ደኅንነት ሕግና ተከትለውት የመጡት ደንቦች፣ ርዝመታቸው ከ20 ጫማ በታች የሆኑ ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም እንዲንሳፈፉ ያስገድዳሉ። ሕይወት ያተረፈ ሕግ ነው። ፋብሪካዎቹ ሕጉን የፈጸሙበት መንገድ ግን ፈሳሽ ፎም ከወለሉ በታች አፍስሰው እንዲያብጥ ማድረግ ሆነ። ፎሙ ስትሪንገሮቹን ከሁለት ወገን አቅፎ ይደርቃል፤ በጊዜ ብዛት ከወለሉ ቀዳዳ የወረደውን ውሃ ይይዝና በእንጨቱ ጎን ላይ እንደ ረጠበ ፎጣ ለጥፎት ይኖራል። ውሃው የሚወርድበት ቦይም ፎሙ ደፍኖታል። አንድ ጀልባ ላይ ፎሙን በመጋዝ ቁራጭ ቁራጭ አድርጌ ሳወጣ በእጄ ጨምቄው ውሃ ወርዷል። እንዲህ ታቅፎ የሚኖር እንጨት እንዴት ከ20 በመቶ በታች ሊቆይ ይችላል? (ፎሙን ያወጣ ሰው መንሳፈፊያውን በሌላ መንገድ መተካት አለበት። ብዙ የቤት አዳሾች ይህን ይዘልሉታል፤ በሰው ነፍስ መቀለድ ነው።)

አሁን ተቃራኒው ወገን የሚመካበትን ምስክር እንጥራ፤ እንጨት የሌለበትን ጀልባ። በዚህ ረገድ ከቦስተን ዌለር የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዲክ ፊሸር ከንድፍ ባለሙያው ከሬይ ሀንት ጋር ያወጣው ባለ 13 ጫማው ጀልባ በ1958 ለገበያ ቀረበ። ሁለት የፋይበርግላስ ቀፎዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ፎም ተሞልቷል። በ1961 ላይፍ መጽሔት ፊሸር በጀልባው ተቀምጦ ጀልባው ለሁለት ሲጋዝ፣ ከዚያም በግማሹ ሲጓዝ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አወጣ። ዝናው ከዚያ ወዲህ አልቀነሰም፤ የተገባውም ዝና ነው። ሆኖም ያንኑ ጀልባ ለአሥርት ዓመታት የያዙ ሰዎች የሚያውቁት ሌላ ገጽ አለው። ቪቴ በፎም ውስጥ ስለማይይዝ ዕቃ በሚታሰርባቸው ቦታዎች የእንጨት ቁራጮች በፎሙ ውስጥ ተቀብረዋል፤ የሞተሩን ግድግዳም የሚያጸናው ኮምፔንሳቶ ነው። ባለቤቱ ከእነዚህ ውጭ በፈለገበት ሲበሳ፣ ወይም የበሳውን ሳያሽግ ሲተው፣ ፎሙ ቀስ በቀስ ውሃ ይይዛል። አይበሰብስም፤ ይከብዳል እንጂ። ውሃው አንዴ ከገባ የሚወጣበት በር የለውም። በሰሜኑ ግዛቶች ክረምት ሲገባ ይበርድና በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ፎሙን ከቀፎው ያላቅቃል።

ስለዚህ ቀዳዳው ካልታሸገ የሚለወጠው የሞቱ ዓይነት ብቻ ነው። እንጨት ያለው ጀልባ ይበሰብሳል፤ እንጨት የሌለው ውሃ ጠጥቶ ይላቀቃል። ሰው ሠራሽ ሰሌዳ የሚያቀርቡት ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ሲናገሩ አልሰማሁም።

የእነርሱ ጠንካራው ክርክር ግን ሌላ ነው፤ ሳልመልስለት ማለፍ አይገባኝም። እንዲህ ይላሉ፦ «አንተ ቀዳዳህን ታሽጋለህ፤ ከአንተ በኋላ የሚገዛው ሰው ግን ቅዳሜ ጠዋት መሰርሰሪያውን ይዞ መጥቶ የዓሣ ዘንግ ማስቀመጫ ይገጥምበታል። የሰውን ስንፍና የሚታገሥ ነገር ከማይታገሥ ይሻላል።» ይህ እውነት ነው። በየዓመቱ እጅ ለሚቀያየር፣ ለኪራይ ለሚውል ወይም ባለቤቱ ለማያውቀው ጀልባ፣ በተለይ ለትራንሰሙ፣ በመስታወት ክር የተጠናከረ የዩሬታን ሰሌዳ እኔም እመርጥለታለሁ። በክብደት የሚነገረው ጥቅም ግን የሚያወሩለትን ያህል አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚሸጡት ጠንካራ ሰሌዳዎች በኩቢክ ጫማ 20 ወይም 26 ፓውንድ ይመዝናሉ፤ ከጋቦን ከሚመጣው ኦኩሜ የተሠራ የባሕር ኮምፔንሳቶም ከዚህ ከባዱ ሰሌዳ እምብዛም አይርቅም። ዋጋው ደግሞ በብዙ ይለያል፤ አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው የሚያድሰው ጀልባ የሚጀመረው ወይም የሚቀረው በዚያ ልዩነት ነው። ሰሌዳው የሰውን ስንፍና ይታገሣል፤ ድህነቱን ግን አይታገሥለትም።

ሌላም የሚደጋገም አባባል አለ፤ ይህኛው ከተቃራኒው ጎን የሚመጣ ነው። «ስትሪንገሩ ውስጥ ያለው እንጨት ቅርጽ ማውጫ ብቻ ነው፤ ሸክሙን የሚይዘው ፋይበርግላሱ ስለሆነ ቢበሰብስም ግድ የለም» የሚል። በአንዳንድ ጀልባ ልክ ነው። የፋይበርግላሱ ልባስ ወፍራም ከሆነ፣ እንጨቱ ቢጠፋም እንደ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይሸከማል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በርካሽ ከተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ግን ልባሱ አንድ ወይም ሁለት ስስ ንብርብር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ስስ ግድግዳ በቁሙ ሲጫኑት በውስጡ የሚደግፈው ካጣ እንደ ወረቀት ሣጥን ጎኑ ይጎብጣል። እንጨቱ ሸክሙን ባይይዝ እንኳ ግድግዳው እንዳይጎብጥ ይይዘዋል። መፍረድ የሚቻለው ትንሽ ቀዳዳ በስቶ የልባሱን ውፍረት በመለካት ነው፤ ከሩቅ ሆኖ አጠቃላይ ሕግ በማውጣት አይደለም።

የቤት ሥራው እንዴት ይሠራል? ሁሉንም ደረጃ ለመዘርዘር ቦታም ፍላጎትም የለኝም፤ ክርክሩ የሚቆምባቸውንና የሚወድቅባቸውን ብቻ እነካለሁ።

መጀመሪያ የብስባሱን ድንበር ማወቅ ነው። መዶሻ ይረዳል፤ አይበቃም። በሚጠረጠረው ቦታ ሁሉ በ6 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ከውስጥ በኩል ይበሳና ከጥርሱ የሚወጣው ፍቅፋቂ ይታያል። ነጭና ደረቅ ከሆነ ደኅና ነው፤ ቡናማ፣ ርጥብ፣ ጣት ላይ እንደ ጭቃ የሚቀባ ከሆነ ሞቷል። ይህ ምርመራ ራሱ ቀዳዳ ስለሆነ ሲያበቃ ኢፖክሲ በተባለው ሬዚን ይደፈናል። በዚህ ጊዜ የበሰበሰውን እንጨት «የሚያድን» ፈሳሽ ይሸጥላችኋል፤ በቀዳዳው ይፈስሳል፣ እንጨቱን እንደ ድንጋይ ያደርገዋል ይባላል። ርጥብ እንጨት ግን ጠግቧል፤ ፈሳሹ ውሃ በያዘው ቦታ ሊገባ አይችልም። ደርቆ ቢገባ እንኳ ፈንገሱ የበላውን ክር መልሶ አይፈትልም። የበሰበሰ ተሸካሚ ይወጣል፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ሲወጣ ግን ጀልባው ቅርጹን እንዳያጣ መጠንቀቅ ነው። ስትሪንገሮቹ የተነሡለት ቀፎ እንደ ድንች ቅርፊት የሚለጠጥ ነገር ነው። በሚጫንበት ተጎታች ጋሪ ሁለት ድጋፎች ላይ ብቻ ተቀምጦ አንጀቱ ከወጣ፣ በተጣመመበት ላይ አዲሱ እንጨት ይለጠፍና ጠማማው ለዘለዓለም ይጸናል። ስለዚህ በብዙ ቦታ በእንጨት ድጋፍ አልጋ ይሠራለታል፣ ወርዱና ቁመቱ በክር ይለካል፣ ስትሪንገሮቹም አንድ ባንድ ይለወጣሉ፤ አንዱ ሳይገባ ሌላው አይወጣም። አንድ ወዳጄ ሁለቱን በአንድ ቀን አውጥቶ ጀልባው በሙሉ ፍጥነት ወደ ግራ የሚያዘነብል ሆኖበት ቀርቷል። ትራንሰሙም እንዲሁ ነው፤ የውጭውን ፋይበርግላስ ሳይነኩ የውስጡን ገጽ ብቻ ቆርጦ ማንሣት፣ የሞተውን እንጨት በመሮና በመዶሻ እስከ ጥግ መጥረግ፣ አዲሱን በዚያው ቀፎ ላይ መጣበቅ ያስፈልጋል።

የኮምፔንሳቶው ዓይነት ብዙ ያከራክራል፤ ከሚገባው በላይ። የሚያስፈልገው በውሃ የማይፈታ ሙጫና በውስጥ ንብርብሩ ባዶ ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። የእንግሊዙ ቢ ኤስ 1088 ደረጃ ይህን ያረጋግጣል፤ ያ ባይገኝም የጠርዙን ንብርብር በዓይን አይቶ ባዶ የሌለበትን መምረጥ ይቻላል። እንጨቱ ሁለት ቁራጭ ከሆነ በአፍ ለአፍ አይገጠምም፤ የሁለቱም ጫፍ በውፍረቱ 8 እጥፍ ርዝመት ተሰልቶ በመላጊያ ይዳፋና ይጣበቃል። ከመግባቱ በፊት ስድስቱም ገጾቹ፣ ከሁሉ በላይ ጫፎቹ፣ ኢፖክሲ እስኪበቃቸው ይጠጣሉ። የድሮው ፋብሪካ ያልሠራው ይህን ነው፤ ብዙዎቹ ስትሪንገሮች የታችኛው ጠርዛቸው ጥሬውን ቀፎው ላይ ቆሞ ነው ያገኘሁት።

ስለ ሬዚን ምርጫ በአንድ ነገር ላይ ከብዙኃኑ ጋር እስማማለሁ፤ ለቤት እድሳት ኢፖክሲ ይሻላል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ይነገራል። ፖሊስተር ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የዓለም የፋይበርግላስ ጀልባ አብዛኛው በእርሱ የተሠራ ነው። ጀልባው በቅርጽ ውስጥ አዲስ ሲፈስስ ንብርብሮቹ ሳይደርቁ እርስ በርስ ይተሣሰራሉ። እኛ የምንሠራው ግን ዓመታት በደረቀ አሮጌ ገጽ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የሚይዘው ማጣበቂያነቱ ብቻ ነው፤ በማጣበቂያነት ደግሞ ኢፖክሲ ይበልጣል። አንድ ጊዜ ኢፖክሲ ከገባ ወደኋላ መመለስ የለም፤ በደረቀ ኢፖክሲ ላይ ፖሊስተር በደንብ አይይዝም። የጨርቁም ምርጫ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ክሮቹ ተበታትነው በዱቄት የተጣበቁበት ምንጣፍ የሚለሰልሰው በፖሊስተሩ ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው፤ ኢፖክሲ ስታይሪን ስለሌለው ያ ዱቄት አይሟሟለትም። ስለዚህ በክር የተሰፋ ጨርቅ ያስፈልጋል። እንጨቱና ቀፎው በሚገናኙበት ጥግ በወፈረ ኢፖክሲ ክብ ማዕዘን ይሞላል፤ ጨርቁ በሹል ጥግ ሲታጠፍ ከሥሩ አየር ይይዛልና። ንብርብሮቹም ጫፋቸው በአንድ መሥመር እንዳያበቃ ስፋታቸው እየተለያየ ይደረደራሉ።

ውህዱ በትክክል መለካት አለበት። ኢፖክሲ እንዲፈጥን ማጠንከሪያውን አብዝቶ ማፍሰስ የተለመደ ጥፋት ነው። ለፖሊስተር የሚጨመረው ጠብታ ቢያንስ ቢበዛ ፍጥነቱን ይለውጣል፤ የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ግን የውህዱ አካል ነው፤ በ5 ለ1 የተባለው በ4 ለ1 ከሆነ ትርፉ ሳይደርቅ እዚያው ይቀራል። ሲደርቅ በላዩ የሚወጣው ሰም መሳይ ቅባትም ከመፈግፈጉ በፊት በውሃ ይታጠባል፤ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይገባና ቀጣዩ ንብርብር ይላጣል። ማስክ የሌለው ሰው ይህን ሥራ አይጀምር። የመስታወት አቧራ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ የአቧራ ወረቀት ማስክ ለአቧራው እንኳ በቂ አይደለም፣ ለእንፋሎቱማ ጨርሶ አይሆንም። ልጆች በሚጫወቱበት ጋራዥ ይህን የሚሠሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ስለ ጀልባ ከመነጋገራችን በፊት ስለዚያ እንነጋገር።

አሁን ወደ ዋናው እመለሳለሁ፤ ወደ ቀዳዳው። ማንኛውም ቪቴ ወይም ብሎን የሚገባበት ቦታ መጀመሪያ ከሚፈለገው ሰፋ ተደርጎ ይበሳል። ቀዳዳው በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል። ሲደርቅ በዚያ ኢፖክሲ መካከል በትክክለኛው መጠን እንደገና ይበሳል። ብረቱ እንጨቱን ፈጽሞ አይነካም፤ ውሃ በብረቱ ጎን ቢወርድም የሚያገኘው የኢፖክሲ ቱቦ ነው። ለአንድ ቀዳዳ ጥቂት ደቂቃ ሥራና የአንድ ሌሊት ጥበቃ ይፈልጋል። ፋብሪካ በሰዓት ስለሚሠራ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ቤቱ የሚሠራ ሰው ግን የማይነጠቀው ሀብት ጊዜ ነው። በዚህ አንድ ነገር ከፋብሪካው ይበልጣል።

እንጨትና ኢፖክሲ አብረው እንደሚኖሩ ለሚጠራጠር በሚሺጋን ግዛት ቤይ ሲቲ የጉጆን ወንድሞች የሠሩትን መጥቀስ ይበቃል። በ1970 «አዳጆ» የተባለችውን ባለ ሦስት ቀፎ የሸራ ጀልባ ከእንጨት ሠርተው በኢፖክሲ አጣብቀው አሸጓት፤ ከ40 ዓመት በኋላም በታላላቆቹ ሐይቆች ውድድር ትሳተፍ ነበር። ኢፖክሲ ፍጹም ከልካይ አይደለም፤ የውሃ እንፋሎት በጣም በዝግታ ያልፈዋል። ነገር ግን በዝግታ የገባው በዝግታ ይወጣል፤ እንጨቱም ከ20 በመቶው ወሰን በታች ይኖራል። የሚያስፈልገውም ያ ብቻ ነው።

«ጣለው» ለሚሉት የምመልሰው አጭር ነው። ወዴት? ፋይበርግላስ አይበሰብስም፣ አይቀልጥም፣ እንደ ብረት ተሽጦ ተመልሶ አይመጣም። ፈረንሳይ ከ2019 ጀምሮ ያረጁ ጀልባዎች ተፈትተው የሚወገዱበትን ሥርዓት በአገር ደረጃ ለማደራጀት የተገደደችው ችግሩ በየወደቡ ስለተከማቸ ነው። ከ40 ዓመት በፊት የፈሰሰው ቀፎ ብዙውን ጊዜ ዛሬም ደኅና ነው። የሞተው በውስጡ ያለው፣ በጥቂት ኮምፔንሳቶ የሚተካ ነገር ነው። ደኅናውን ቆርጦ መቅበርና ሌላ አዲስ ማፍሰስ እኔ የማልገባበት ስሌት ነው።

የራሴን ጀልባ ነገር ተናግሬ ላብቃ። 17 ጫማ ነው፤ ትራንሰሙንና ሁለቱን ስትሪንገሮች በኮምፔንሳቶ ከለወጥሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው መከር ሞተሩን አውርጄ በየቦታው በ6 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በሳሁት። ፍቅፋቂው ነጭ ነበር፤ የሞተሩ አራት ብሎኖች ባለፉበት፣ የማፍሰሻው ቱቦ ባለበት፣ የገመድ ማሰሪያዎቹ ሥር። አንድ ቦታ ግን ቡናማ ወጣ። የጥልቀት መለኪያውን የሰቀልሁባቸው ሁለት ቪቴዎች ናቸው። እድሳቱ ካለቀ በኋላ በሁለተኛው በጋ፣ ጓደኞቼ በወደቡ ላይ እየጠበቁኝ፣ ቸኩዬ በቀጥታ በእንጨቱ ላይ ያሠርኋቸው። ያው ኮምፔንሳቶ፣ ያው ኢፖክሲ፣ ያው ውሃ። በቪቴዎቹ ዙሪያ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ክብ ሆኗል፤ ከክቡ ጫፍ ሁለት ጣት አልፌ ስበሳ እንጨቱ ደረቅ ነበር። የተበላሸውን በመሮ ቆርጬ አወጣሁ፣ ጠርዙን አዳፍቼ አዲስ ቁራጭ አስገባሁበት፤ ሁለቱን ቀዳዳዎችም በዚህ ጊዜ አስፍቼ በኢፖክሲ ሞልቼ በማግስቱ በሳኋቸው።